በደብረ ብርሃን ዙሪያ የቤተሰብ ጉዞ ለሚያዘጋጁልን አስጎብኚ የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

በወር ደመወዝ የሚተዳደሩ ቤተሰቦችን አሰባስበው፣ ከደብረ ብርሃን ብዙም ወደማይርቁት የሰሜን ሸዋ ተራሮች፣ ደኖችና ታሪካዊ ቦታዎች በመጠነኛ ወጪ የሚወስዱ አንድ አስጎብኚ አሉ። ይህን ጽሁፍ የምጽፈው ቤተሰቤ ለእርሳቸው ያለውን ምስጋና በአደባባይ ለመግለጽና እንደ እኛ ያሉ ሌሎች ቤተሰቦችም እንዲያውቋቸው ለመጠቆም ነው። ስማቸውና ስልካቸው በይፋ እንዳይወጣ ስለጠየቁኝ፣ ልጆቼ እንደሚጠሯቸው ጋሼ እያልኩ እጽፋለሁ።

እኔ መምህርት ነኝ፤ ባለቤቴም የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ልጆቻችንና እናቴ አብረውን ይኖራሉ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆች የሆነ ቦታ ውሰዱን ማለታቸው አይቀርም፤ መዝናናት ሲባል ደግሞ የሁላችንም ሐሳብ ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ ቢሾፍቱ ይሄዳል። የመኪናው፣ የአልጋውና የምግቡ ሒሳብ ሲደመር ግን ነገሩ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። ከዚህ በፊት በሌላ አዘጋጅ በኩል ወጥተን በመነሻው የተነገረን ዋጋና በመጨረሻ የከፈልነው ሊገናኙ ስላልቻሉ፣ ባለቤቴ የቡድን ጉዞ የሚባለውን ነገር ጨርሶ ትቶት ነበር። ጋሼን የጠቆመችን የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ እርሷንም በዚሁ አጋጣሚ አመሰግናለሁ።

ጋሼ ተወልደው ያደጉት አንኮበር ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት ወፍ ለማየት የሚመጡ የውጭ አገር እንግዶችን ሲመሩ ኖረዋል። እኔ ከሁሉ በላይ የማከብርላቸው በውጭ ምንዛሪ ለሚከፍል እንግዳ ያደርጉት የነበረውን ዝግጅት አንዳች ሳይቀንሱ፣ ብሩን ቆጥሮ ለሚመጣ የአገራቸው ሰው ማድረጋቸውን ነው። በብዙ ቦታ በርካሽ ልሂድ ያለ ሰው የሚደርሰው የተረፈው ሰዓትና የተረፈው መኪና ነው፤ ጋሼ ዘንድ ግን እንዲህ ያለ ልዩነት አይቼ አላውቅም።

ዝግጅታቸው የሚጀምረው ከጉዞው ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ነው። ስንት ሰው እንደሚሄድ፣ የልጆቹን ዕድሜ፣ ጉልበቱን የሚያመው ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው መኖር አለመኖሩን፣ ቀኑ የጾም ይሁን የፍስክ ከጠየቁ በኋላ አንድ ገጽ ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። በዚያ ወረቀት ላይ የሚኒባሱ ኪራይ ከነሹፌሩ አበል፣ ነዳጁ፣ የመግቢያው ክፍያ፣ የአካባቢው መሪና የበቅሎው ዋጋ፣ ምግቡ፣ እንዲሁም የራሳቸው የድካም ዋጋ በየመስመሩ ተጽፎ ይገኛል። ከጠቅላላው አሥር በመቶ ለመጠባበቂያ ይያዝና፣ ሳይነካ ከቀረ በመመለሻው ቀን ለየቤተሰቡ ተከፋፍሎ ይመለሳል። ባለቤቴ ወረቀቱን መጀመሪያ ሲያየው ደጋግሞ ደመረው፤ ከተመለስን በኋላም እንደገና ደመረው፤ ቁጥሩ ያው ነበር።

ትልቁ ወጪ ምንጊዜም መኪናው በመሆኑ፣ ጋሼ አንድ ሚኒባስ የሚሞሉ ቤተሰቦች እስኪገኙ ድረስ ይጠብቃሉ። ሲያጣምሩም ትንንሽ ልጆች ያሏቸውን በአንድ፣ አዛውንት ያሉባቸውን በሌላ ስለሚያደርጉ፣ የእግር መንገዱ ለአንዱ አጭር ለሌላው ረዥም ሆኖ ሰው አይሰለችም። ስንቅ ከቤት እንዲያዝ አጥብቀው ይመክራሉ፤ ድርቆሽ፣ የገብስ ቆሎ፣ በሶ፣ ዳቦና በፔርሙዝ የተያዘ ሻይ ለአንድ ቀን ከበቂ በላይ ነው ይላሉ። የሚገዛ ነገር ካለ ግን እዚያው ከምንደርስበት ገበያ ወይም ከገበሬው ቤት እንዲገዛ ይፈልጋሉ፤ የጉዞው ገንዘብ ቦታውን ለሚጠብቀው ሰው መድረስ አለበት ብለው ያምናሉ፤ እኔም በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

ከእርሳቸው ጋር መጀመሪያ የሄድነው ወደ አንኮበር ነበር። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል፤ የማደሪያ ወጪ የለበትም። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ እንደነበረች፣ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የአውሮፓ መንግሥታትን መልእክተኞች እንደተቀበሉባት፣ ዳግማዊ ምኒልክም እንጦጦን ከመቆርቆራቸው በፊት እንደኖሩባት ልጆቼ በመጽሐፍ ተምረዋል። ጋሼ ግን ይህንኑ ታሪክ አልደገሙላቸውም። የቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ ካለበት ኮረብታ ላይ አቁመዋቸው፣ በምሥራቅ በኩል ቁልቁል እስከ አፋር ቆላ የተዘረጋውን አገር እያሳዩ፣ ነገሥታቱ ይህን ቦታ ለምን የመረጡት ይመስላችኋል ብለው ጠየቁ። ልጄ ጠላት ከሩቅ እንዲታያቸው ነው ስትል፣ ጋሼ መልሷን አመስግነው፣ ከታጁራ ወደብ ተነስቶ በአልዩ አምባ በኩል የሚወጣው የሲራራ ንግድ መንገድም ከዚሁ ሥር ያልፍ እንደነበረ ጨመሩላት። እናቴ ዳገቱን በበቅሎ ከወጣች በኋላ የቀረውን ጥቂት መንገድ በእግሯ ስትሄድ፣ ጋሼ ክንዷን ይዘው «እማማ፣ ቀስ ይበሉ፤ ቀኑ የእኛ ነው» እያሉ ከኋላ ቀሩ፤ ሌላውን ቡድን ደግሞ ከሠፈሩ የመጣ ወጣት መሪ ወሰደው። የወጣቱ ክፍያም በወረቀቱ ላይ አስቀድሞ የተጻፈ ነበር።

በዚያው ዕለት በገደሉ ጫፍ ላይ አንኮበር ሰሪን የምትባለውን ትንሽ ወፍ አሳዩን። ቡናማና ዥንጉርጉር፣ ባለሙያ ካላመለከተ ዓይን የማያርፍባት ወፍ ናት፤ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም አትገኝም፤ በሳይንስ መዝገብ የገባችውም በቅርቡ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ልጆቼ ከዚያ ወዲህ በግቢያችን የሚያርፈውን ወፍ ሁሉ ስሙን ይጠይቁኛል።

ለአንድ ቀን ጉዞ ሌላው ምርጫ ጣርማበር ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ያስቆፈረው፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው ዋሻ ለልጆች ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ ምኒልክ መስኮት ከሚባለው የገደል ጫፍ ሆኖ ቁልቁል ማየት ደግሞ ምንም አያስከፍልም ማለት ይቻላል። ጋሼ ከደብረ ብርሃን ንጋት ላይ እንድንነሳ ያደረጉት፣ ጭላዳዎቹ ከሚያድሩበት ገደል ወጥተው ፀሐይ ሲሞቁ እንድንደርስና ከሰዓት በኋላ ከቆላው የሚነሳው ጉም ሳይሸፍነው አገሩን እንድናይ ነው። ልጆች ዳቦ እንዳይወረውሩ አስቀድመው ያስጠነቅቃሉ፤ ጭላዳ የሚኖረው በዋነኛነት ሣር እየነጨ እንደሆነና፣ የሰው ምግብ ከለመደ መንገድ ዳር ቆሞ ለመኪና አደጋ እንደሚጋለጥ ያስረዳሉ።

ከሁሉም የበለጠው ጉዟችን ግን መንዝ ውስጥ ወደሚገኘው ወደ ጓሳ ያደረግነው ነው። ይህኛው ማደር ስለሚጠይቅ ወጪው ከፍ ይላል፤ ይሁንና የራሳችንን ስንቅና ብርድ ልብስ ይዘን፣ ማደሪያውንም ከማኅበረሰቡ በመከራየታችን፣ ለአንድ የሐዋሳ ጉዞ ከምንመድበው እጅግ ባነሰ ገንዘብ ተጠናቀቀ። ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ቦታ ነው። ጋሼ በዚህ ምክንያት እናቴ እንዳትሄድ በግልጽ ነገሩን፤ እርሷን ቢጨምሩ ክፍያው ይጨምርላቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን ደም ግፊቷን አስቀደሙ።

እዚያ ከደረስን በኋላ ጋሼ ማስረዳቱን ለራሳቸው ብቻ አላደረጉትም፤ የጥበቃው ሥራ ላይ ያሉ አንድ የአካባቢው ሰው ቄሮ ስለሚባለው ባህላዊ የሣር ጥበቃ ሥርዓት እንዲያስረዱን አደረጉ። የመንዝ ሰው የጓሳን ሣር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሕግ ሲጠብቅ ኖሯል፤ ቦታው ለዓመታት ተከልክሎ ይቆይና፣ ሲከፈት ሁሉም በሥርዓቱ አጭዶ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ ይጠቀምበታል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የቆየውን ሥርዓት ካፈረሰው በኋላ፣ ማኅበረሰቡ በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን እንደገና አቋቁሞታል። ባለቤቴ ከዚህ ሁሉ ያስገረመው፣ ድርቅ ባለበት ዓመት እንኳ ሣሩ የሚከፈተው ተመክሮበት መሆኑ ነው፤ ሰውየውን ብዙ ጠየቃቸው፤ እርሳቸውም ሳይሰለቹ መለሱለት።

ጋሼ ቀይ ቀበሮ ለማየት ቃል አይገቡም። በዓለም ላይ ያሉት ከ500 በታች ስለሆኑ፣ ካየን ዕድለኞች ነን ብለው ነበር የወሰዱን፤ ማልደን ስንወጣም አንዱን ከጭላዳ መንጋ መካከል ቆሞ ከሩቅ አየነው። ለምን ግልገሎቹን እንደማይነካ ልጆቼ ሲጠይቁ፣ በዚሁ በጓሳ የተደረገ ጥናት እንዳሳየ ነገሯቸው፦ ቀበሮው ከጭላዳዎቹ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን 67 በመቶ ሲሳካለት፣ ብቻውን ሲያድን የሚሳካለት 25 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ መንጋውን ማስበርገግ አይበጀውም። እኔ የሳይንስ መምህርት ነኝ፤ ይህን ያህል አጥርቶ የሚያስረዳ ሰው ማግኘት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ወፍ ዋሻ ደን ገና አልሄድንም፤ ዝግባው፣ ጥዱና ኮሶው በሚገባ የሚታየው በእግር በመሆኑ ልጆቹ ትንሽ እስኪጠነክሩ እንድንቆይ መክረውናል። ስለ ወቅቱ የሚሉት ደግሞ አጭር ነው፦ መስከረም አጋማሽና ጥቅምት አደይ አበባው ሳይጠፋ፣ መንገዱም ደርቆ ስለሚገኝ የተመረጠ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ የጠራ ቢሆንም ውርጩ ከባድ ስለሆነ የአንድ ቀን ጉዞ ይሻላል፤ በሐምሌና በነሐሴ ጭቃና ጉም ስለሚበዛ ወደ ጓሳ አይወስዱም።

ስለ ደኅንነት ለሚጨነቅ ሰው ይህንንም ልናገር። ጋሼ ከመነሻው በፊት ባለው ምሽት በመንገዱ ላይ ላሉ ሰዎችና ለመድረሻው ቀበሌ ደውለው ያጣራሉ። አንድ ጊዜ ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶ፣ ስንቁም ተቋጥሮ ሳለ፣ መንገዱ ነገ አይሆንም ብለው ሰረዙት፤ የሰጠነውንም ቀብድ በማግሥቱ ጠዋት ሙሉውን መለሱ። ልጆቹ አለቀሱ፤ እኔ ግን ቤተሰቤን በአደራ የምሰጠው ሰው እንዲህ ያለ መሆኑን በማየቴ ደስ አለኝ።

ጋሼ፣ ለእናቴ ስላሳዩት ትዕግሥት፣ ለልጆቼ ስለሰጡት ጊዜ፣ ለእያንዳንዷ ብር ስላቀረቡልን ሒሳብ እግዚአብሔር ይስጥልን። እርሳቸውን ማግኘት የምትፈልጉ ቤተሰቦች በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቄ ስልካቸውን እልክላችኋለሁ። ስትደውሉ የሰዉን ብዛት፣ የልጆቹን ዕድሜ፣ ሕመም ካለ ሕመሙን፣ ልታወጡ የምትችሉትንም ገንዘብ ሳታፍሩ ንገሯቸው፤ የመስከረምና የጥቅምት ቅዳሜዎች ቶሎ ስለሚያዙ ከነሐሴ ጀምሮ ብታነጋግሯቸው ይመረጣል።