የኦንላይን ኮርስ ወይስ የዴቨሎፐሮች ሚትአፕ?

አዲስ አበባ ላይ ፕሮግራሚንግ ለሚማር ሰው ሁለቱም በር ክፍት ነው፤ ኮርሱም፣ ፕሮግራም ሠሪዎች በአካል የሚገናኙበት ሚትአፕም። መሠረት ለመጣል ግን የኦንላይን ኮርስን የሚያህል የለም። የሃርቫርዱ የኮምፒውተር ሳይንስ መግቢያ ኮርስ ሲኤስ50 በነጻ ይገኛል፤ ኮዲንግ የሚያስተምረው ድረ ገጽ ፍሪኮድካምፕም እንዲሁ። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ ፕሮግራምም ክፍያ አይጠይቅም። ያልገባህን ቪዲዮ ደጋግመህ ታያለህ። መብራትና ኔትወርክ ካልጠፋ ማለት ነው።

ችግሩ፣ ኮርሱ መልስህን እንጂ አስተሳሰብህን አያይም። ሲኤስ50 ላይ ኮድህ ፈተናውን ካለፈ አረንጓዴ ምልክት ይመጣል፣ አለቀ። ሚትአፕ ላይ ግን አጠገብህ የተቀመጠው ልጅ «ይሄን ፋንክሽን ለምን ሦስት ቦታ ደገምከው?» ይልሃል። ላፕቶፕህን ወደ እሱ ታዞራለህ፣ አብራችሁ ታስተካክላላችሁ። የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው ጊት ላይ የሁለት ሰው ሥራ ሲጋጭ እንዴት እንደሚፈታም በደንብ የሚገባህ ከሰው ጋር ስትሠራ ነው። እንደ ቴሌብርና ቻፓ ያሉ የክፍያ አገልግሎቶችን ከአፕህ ጋር ማገናኘት ደግሞ የውጭ ኮርሶች የሚነኩት ጉዳይ አይደለም። ቀድሞ የሠራውን ሰው አግኝቶ መጠየቅ ብዙ ጣጣ ይቀንሳል። የሥራ ወሬም ብዙ ጊዜ የሚሰማው እዚያው ነው።

ሚትአፕ ከዜሮ አያስተምርም። ሉፕ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ብትሄድ ወሬው ሁሉ ያልፍሃል። ስለዚህ ለጀማሪ ኮርሱ ይቅደም እላለሁ፤ ግን እስኪያልቅ አትጠብቅ። ትንሽ ነገር ሥራ፣ የዕቁብ መዝገብም ይሁን። እሱን ይዘህ አይስአዲስን በመሳሰሉ የቴክኖሎጂ ማዕከላት ወይም በጂዲጂ አዲስ (የአዲስ አበባ የጉግል ዴቨሎፐሮች ቡድን) ዝግጅቶች ላይ ተገኝ። ኮዱን ክፈትና አሳያቸው።