ካምፐር ተከራይታችሁ ፈረንሳይ የምትወርዱ፣ «ማውት ፓኬት» ሲሏችሁ እምቢ በሉ

ደሜ እንደፈላ ነው የምጽፈው። ለጉዞ የተከራየሁትን ካምፐር፣ አልጋና ሽንት ቤት ያለውን መኪና፣ መልሼ መምጣቴ ነው። ከ1,500 ዩሮ ዲፖዚቴ (መያዣዬ) ላይ ከ300 ዩሮ በላይ ቆርጠው አሰናበቱኝ። መኪናው ጭረት የለውም። ናፍጣው ሙሉ ነው። ሽንት ቤቱ ሳይቀር ከራሴ ቤት በላይ ጸድቶ ነበር። የቆረጡት «የመንገድ ክፍያ» ብለው ነው። የመንገድ ክፍያውን እኮ «ማውት ፓኬት» (የመንገድ ክፍያ ጥቅል) ብለው ገና ሳልነሳ ለብቻው አስከፍለውኛል!

የድርጅቱን ስም አልጠራም። ዓይነቱን ግን ጀርመን የምትኖሩ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ከከተማ ወጣ ብሎ ሰፊ ግቢ፣ የተደረደሩ ነጫጭ ቮንሞቢሎች (ካምፐሮች)፣ ባንኮኒው ላይ ከረሜላ በሳህን። ኢንተርኔት ላይ የቀኑ ዋጋ ርካሽ ነው። ባንኮኒው ጋ ስትደርሱ የጋዝ፣ የአንሶላ፣ የጽዳት፣ የሁለተኛ ሹፌር እያሉ ይደረድሩላችኋል። ይህን ሁሉ ጠብቄ ነው የሄድኩት። ያልጠበቅኩት መንገዱን ራሱን ሁለት ጊዜ ይሸጡልኛል ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲገባችሁ፣ ጀርመን ውስጥ ካምፐር ለአውቶባን አይከፍልም። ስዊስ 40 ፍራንክ ትከፍሉና ከ3.5 ቶን ካላለፋችሁ ዓመቱን ሙሉ ትነዳላችሁ። ፈረንሳይ ግን አብዛኛው አውራ ጎዳና በኪሎ ሜትር ያስከፍላል። የአዲስ–አዳማን ፈጣን መንገድ የነዳ ሰው አሠራሩን ያውቀዋል። ስትገባ ካርድ፣ ስትወጣ ሂሳብ። በደብረ ዘይት በኩል አሮጌው መንገድ በነጻ እንዳለ ሁሉ እዚያም ከአውራ ጎዳናው ጎን የድሮው ብሔራዊ መንገድ አለ።

እኔም ለማርሴይ ጉዟችን ያሰብኩት በዚያው በነጻው ነበር። አልዛስን (ጀርመንን የሚያዋስነውን የፈረንሳይ ክፍል) እስከ ሙሉዝ በአውራ ጎዳና ኤ 35፤ እሱ ነጻ ነው። ከዚያ ቤልፎር፣ ቤዛንሶን፣ ሎን-ለ-ሶኒዬ፣ ቡርግ-አን-ብሬስ። ከሊዮን በታች ደግሞ ኤን 7ን ይዞ ቪዬን፣ ቫላንስ፣ ሞንቴሊማር። ኤን 7 አውራ ጎዳናው ሳይሠራ ፈረንሳዮች ለእረፍት ወደ ደቡብ የሚወርዱበት መንገድ ነው። በየከተማው መሃል ያልፋል። አደባባዩ አያልቅም። ፍጥነቱም ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በአብዛኛው እንዲህ ዓይነት መንገድ ላይ 80 ነው፣ አውራ ጎዳናው 130 ሲሆን። አውቄ፣ ካርታ ላይ ቁጭ ብዬ የመረጥኩት ነው። የቸኮለ ሰው ይክፈል፣ አልፈርድበትም። እኛ ግን አልቸኮልንም።

ይህንን ነው ለባንኮኒው ልጅ የነገርኩት። ቁልፍ ሊያስረክበኝ ነው፣ «በየት በኩል ነው የምትሄዱት?» አለኝ። ስነግረው ሳቀ። ጎኑ ለተቀመጠችው ባልደረባው «በብሔራዊው መንገድ ነው የሚሄዱት» አላት። እሷም ሳቀች። ከዚያ አፈ ቅቤው ወደኔ ዞሮ፣ በዚህ መኪና እዚያ መንገድ ላይ ልጆቹ እንደሚያስታውኩ፣ በየአደባባዩ የማቃጥለው ናፍጣ ከክፍያው እንደሚበልጥ አስረዳኝ። ከመሳቢያ አንዲት ትንሽ ሳጥን አወጣ። መስታወት ላይ የምትለጠፍ፣ የክፍያ ጣቢያውን በር በራሷ የምታስከፍት። «ማውት ፓኬት። በቀን 7 ዩሮ። አሌስ ድሪን (ሁሉም ውስጡ ነው)። ማርሴይ ደርሰው ሲመለሱ መስኮት እንኳን አይከፍቱም።»

ጠየቅኩት። ባለቤቴ አጠገቤ ቆማ ሰምታለች። «የመንገዱ ክፍያ ራሱ አለበት?» አልኩት። «ሁሉም አለበት» አለኝ። ውሉ ላይም «ማውት ፓኬት» የሚል አንድ መስመር ከነዋጋው ታተመ። ፈረምኩ። የነጻ መንገድ ካርታዬም እዚያው ታጠፈ። የተከፈለበት መንገድ እያለ ማን ነው በ80 የሚሄደው?

ሳጥኗ በእርግጥም ትሠራለች። ብርቱካናማ ምልክት ባለው መስመር ትገባላችሁ፣ ጲጵ ትላለች፣ በሩ ይነሳል። (ሁለት ሜትር ላይ ብረት የተጋደመባቸው መስመሮች አሉ። እነሱ ለትናንሽ መኪና ናቸው። አንዱ ጋ ልገባ ስል ባለቤቴ የጮኸችውን እስካሁን እሰማዋለሁ።) ከሊዮን በፊት ቪልፍራንሽ-ሊማ የክፍያ ጣቢያ ላይ ስንወጣ ግን የጣቢያው ስክሪን ላይ «3» የሚል ቁጥር አየሁ።

ፈረንሳዮች የሚያስከፍሉት በክፍል ነው። ከሁለት ሜትር በታች ያለ የቤት መኪና አንደኛ ክፍል ነው። ከሁለት እስከ ሦስት ሜትር፣ ክብደቱ እስከ 3.5 ቶን ከሆነ ሁለተኛ። ቁመቱ ሦስት ሜትር ከሞላ ወይም ከ3.5 ቶን ካለፈ ግን ሦስተኛ ክፍል ሆኖ ከትልልቆቹ ጋር ይመደባል። ዋጋውም በዚያው ልክ ይወጣል። የኛ መኪና ቁመት ሹፌሩ ፊት ባለው የፀሐይ መከላከያ ላይ ተለጥፏል፤ 2.92 ሜትር ይላል። ክብደቱ ልክ 3.5 ቶን። ጥርት ያለ ሁለተኛ ክፍል ነው።

ማረፊያው ጋ ቆሜ ለድርጅቱ ደወልኩ። ሌላ ሰው ነው ያነሳው። ስክሪኑ ሦስት እንዳለኝ ነገርኩት። «ፓኬቱን ገዝተዋል አይደል? እንግዲያው ምን ያስጨንቅዎታል፣ ይንዱ» አለኝ። ነዳሁ። ሞንቴሊማር ስንደርስ ልጄ ኑጋ (የለውዝ ጣፋጭ) አለች። ከተማው መውጫ ምልክት ብቻ ሆኖ አለፈን። ከነዳጅ ማደያ ገዛንላት፤ ዋጋውን ባልናገር ይሻላል።

አሁን ወደ ዛሬው ልምጣ።

ያው ልጅ ነው ባንኮኒው ላይ። መኪናውን ዞሮ አየው፣ «ሱፐር» አለ። ሳጥኗን ከመስታወቱ ላቀቀና ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኛት። ዲፖዚቴን ሊመልስልኝ ነው ብዬ ቆሜያለሁ። ማተሚያው አንድ ወረቀት ተፋ። ወረቀቱን አዙሮ ወደኔ ገፋው፣ ምንም አላለም። የክፍያ ጣቢያዎቹ ስም በተራ ተጽፏል። ከእያንዳንዱ ጎን «ክፍል 3» ይላል። ከዚያ ዩሮው። ከእያንዳንዱ ዩሮ ሥር ደግሞ «የማስተናገጃ ክፍያ 15 ዩሮ»። ባለፍን ቁጥር 15 ዩሮ!

«ይሄ ምንድን ነው? ፓኬቱን ከፍያለሁ እኮ» አልኩት።

እስክሪብቶውን አነሳና ሳጥኗን ጀርባዋን መታ መታ አደረጋት። «ፓኬቱ የዚህች ኪራይ ነው» አለኝ።

«አንተ ራስህ ሁሉም አለበት ብለኸኛል።»

ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «እንዲህ ልል አልችልም» አለኝ። ከዚያ የሚያንገበግበኝ መጣ። እዚህ አገር ስኖር ዘመኔ ነው፤ ሥራዬ በጀርመንኛ ነው፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስም በጀርመንኛ ነው ስንነጋገር የቆየነው። ድንገት ቃላቱን እየጎተተ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ያወራኝ ጀመር። «ሳጥን። ኪራይ። መንገድ። ሌላ። ገባዎት?» ከኋላዬ የቆሙት ባልና ሚስት መሬት መሬት አዩ። ያቺ የሳቀችው ባልደረባው ኮምፒውተሯ ላይ ተደፋች። ከዚያ ከረሜላውን ሳህን ወደ ልጄ ገፋ አደረገላት።

ክፍሉንስ አልኩት። ቁመቱ 2.92 ነው፣ እናንተው ናችሁ የለጠፋችሁት። «እሱን ፈረንሳዮቹን ይጠይቁ» አለ። ደውዬ እንደነበርና ይንዱ እንደተባልኩ ነገርኩት። «ማን ነው ያለዎት? ስሙን ይዘዋል?» አለኝ። ስሙን አልያዝኩም።

ውሉን ማንበብ ነበረብህ የምትሉኝ እንዳትቸገሩ። አንብቤዋለሁ፣ ዛሬም ባንኮኒው ላይ ዘርግቼ ደግሜ አንብቤዋለሁ። ፓኬቱ የሳጥን ኪራይ ብቻ ነው የሚል የለበትም። ያ ያለው «የዋጋ ዝርዝር» በሚባል ሌላ ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱ የተለጠፈው ደግሞ ከባንኮኒው ጀርባ፣ ከቀን መቁጠሪያው ሥር ነው። ልጁ በእስክሪብቶው ከሩቅ አሳየኝ። ጸሐፊው እንኳን ከዚያ ርቀት አያነበውም።

ያናደደኝ ብሩ ብቻ አይደለም። በነጻው መንገድ እንዳልሄድ ስቀውብኝ፣ ከምርጫዬ አስወጥተውኝ፣ ባስወጡኝ መንገድ ላይ በየጣቢያው 15 ዩሮ ለቀሙብኝ። እኔ ጲጵ ባልኩ ቁጥር እነሱ ይበላሉ።

ለምትሄዱ ወገኖች በአጭሩ፦ ሳጥኑን አትውሰዱ። ፈረንሳይ ውስጥ በር ባለው ጣቢያ የባንክ ካርድ ይሠራል። ስክሪኑ ሦስተኛ ክፍል ካላችሁና መኪናችሁ ከሦስት ሜትር በታች ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት የእርዳታ ቁልፉን ተጫኑና «ክላስ ዶ» (ሁለተኛ ክፍል) በሉ፤ አይተው ያስተካክሉታል። በር በሌላቸው መንገዶች ግን ተጠንቀቁ። ከፓሪስ ወደ ኖርማንዲ የሚወስዱት ኤ 13 እና ኤ 14 ካሜራ ብቻ ናቸው። በ72 ሰዓት ውስጥ ራሳችሁ ኢንተርኔት ላይ ካልከፈላችሁ ደብዳቤው ለአከራዩ ይሄዳል፣ አከራዩም አድራሻችሁን ለሰጠበት ያስከፍላችኋል። ወደ ሞንፔሊዬ ወይም ወደ ስፔን በኩል የምትወርዱ ኤ 75ን እዩት። ከክሌርሞን-ፌራን እስከ ቤዚዬ ድረስ እውነተኛ አውራ ጎዳና ነው፤ የሚዮ ድልድይ ላይ ካልሆነ በቀር አታወጡም።

ባንኮኒው ላይ በአፍ የተነገራችሁን ሁሉ ውሉ ላይ በእጃቸው እንዲጽፉት አድርጉ። እምቢ ካሉ መልሱን አገኛችሁ።

እኔ ደብዳቤ ጽፌ ነገ በአደራ ፖስታ እልካለሁ። የጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 305ሐ ደንበኛው ሊጠብቀው የማይችል ድንገተኛ አንቀጽ የውሉ አካል አይሆንም ይላል፤ እሱን ጠቅሻለሁ። ቨርብራውኸርሴንትራለ (የሸማቾች ጥበቃ ድርጅት) ጋም ቀጠሮ ይዣለሁ። ከዚሁ ባንኮኒ «ማውት ፓኬት» የገዛችሁ ካላችሁ ወረቀታችሁን አትጣሉ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። አንድ ላይ ብንሄድ ይሻላል።