ቻርጀሩ አሪፍ፣ ሱቁ ግን…

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ካለች የሞባይል ዕቃ መሸጫ ቻርጀር ገዛሁ። ቶሎ ይሞላል፣ ዋጋውም አይጎዳም። ግን ከኢርፎኖቹ ጎን ቬፕ (ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ተደርድሯል፤ ማንጎ፣ ሐብሐብ፣ ሚንት፣ ልክ እንደ ከረሜላ። ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ መጥቶ ዋጋ ሲጠይቅ ሻጩ ምንም ሳይመስለው "ችግር የለውም፣ እንፋሎት ብቻ ነው" አለው። ኧረ ባክህ! አብዛኛው ኒኮቲን አለበት እኮ፣ ሱስ ያስይዛል፣ የወጣት አንጎል ደግሞ እስከ 25 ዓመት ዕድሜ ገደማ ገና እያደገ ነው። በዚያ ላይ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሸጡ ራሱ ክልክል ነው፣ ለልጅም ለአዋቂም። ተራው ሲጋራ እንኳ ዕድሜው 21 ላልሞላው አይሸጥም። ይህን ስነግረው "እህቴ፣ አንቺን ምን አገባሽ?" አለኝ። ለቻርጀሩ አራት ኮከብ፣ ለሱቁ አንድ። ከቨር ደግሞ ያስፈልገኝ ነበር፣ ትቼው ወጣሁ።