ጋዝ በቧንቧ ቤት ማስገባት፦ ከቆጣሪው ወዲያና ወዲህ

በመሬት ሥር በተዘረጋ መሥመር ጋዝ ቤት የማስገባት አገልግሎት ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ሥራው ሁለት ነው። በተለመደው አሠራር ከመንገዱ ዋና መሥመር እስከ ቆጣሪው ያለው የአቅራቢው ድርሻ ነው። ከቆጣሪው እስከ ምድጃውና ቦይለሩ ያለው ደግሞ ባለቤቱ የሚቀጥረው፣ የጋዝ ሥራ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ድርሻ ነው። የውጭው ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ያስመሰግናል። እንከን የሚበዛው ከቆጣሪው ወዲህ ነው።

ማመልከቻው ላይ ትልቁ ቁም ነገር የዕቃዎቹ ጠቅላላ ጉልበት ነው። ምድጃው 8፣ መጋገሪያው 3፣ ለማሞቂያና ለሙቅ ውሃ የሚያገለግለው ቦይለር 30 ኪሎዋት ቢሆን ድምሩ 41 ይመጣል። አንድ ሜትር ኩብ የተፈጥሮ ጋዝ ወደ 10.5 ኪሎዋት ሰዓት ስለሚሰጥ፣ ሁሉም ባንዴ ሲነድ በሰዓት 3.9 ሜትር ኩብ ገደማ ይፈለጋል። ጂ4 የሚባለው የቤት ቆጣሪ በሰዓት እስከ 6 ሜትር ኩብ ያሳልፋልና ይበቃል። ለምድጃ ብቻ አመልክቶ ቦይለሩን በኋላ መጨመር ስሌቱን፣ አንዳንዴም ቧንቧውን ራሱን እንደ አዲስ ያስጀምራል። ስለዚህ የታሰበው ዕቃ ሁሉ ከመጀመሪያው ይመዝገብ። ለማብሰያ ብቻ ከሆነ ግን ይህን ሁሉ ቁፋሮ የሚያካክስ ጥቅም አይታየንም።

የውጭው ቧንቧ ፖሊኢትሊን የሚባል ፕላስቲክ ነው። አይዝግም፤ የመሬት መንቀጥቀጥና መስመጥንም ከብረት ይልቅ ይችላል። መጋጠሚያው በኤሌክትሪክ ሙቀት ቀልጦ ይያያዛል። ከዚያ በፊት የቧንቧው ገጽ በመፋቂያ መፋቅ አለበት፤ ሲቀዘቅዝም በማሰሪያው እንደ ተያዘ ሳይነካ መቆየት አለበት። ሳይፋቅ የተበየደ መጋጠሚያ ላይ ላዩን ደህና ይመስልና ውሎ አድሮ ያፈሳል። ፀሐይ ይህን ፕላስቲክ ስለምታደርቀው ከመሬት በላይ የሚወጣው ክፍል ብረት ወይም ሽፋን ያለው መሆን ይገባዋል። ቦዩ ሲደፈንም ከቧንቧው በላይ የማስጠንቀቂያ ፕላስቲክ ይነጠፋል፤ ነገ የሚቆፍር ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። አፈር ከመመለሱ በፊት ፎቶ አንሥቶ ማስቀመጥ ብልህነት ነው።

አሁን ወደ ውስጥ። ቤት የሚገባው ጋዝ ግፊቱ በጣም ትንሽ ነው፤ 20 ሚሊባር አካባቢ ማለት 20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ የሚጫነውን ያህል ነው። በብዙ የአውሮፓ አገሮች ደንብ ከቆጣሪው እስከ ዕቃው ድረስ መባከን የሚፈቀደው 1 ሚሊባር ብቻ ነው። የቧንቧ ስፋት ወሳኝ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ለ30 ኪሎዋት ቦይለር 15 ሚሊ ሜትር የመዳብ ቧንቧ 3 ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ አቅም ያጣል፤ 22 ሚሊ ሜትር የሆነው ግን ወደ 20 ሜትር ያደርሳል። እያንዳንዱ ኤልቦ (የቧንቧው መታጠፊያ) ደግሞ ግማሽ ሜትር እንደ ጨመረ ይቆጠራል፤ ስድስት ቦታ የታጠፈ መሥመር 3 ሜትር በከንቱ ጨመረ ማለት ነው። ቦይለሩ መንደድ ሲጀምር የምድጃው ነበልባል ዝቅ የሚል ከሆነ ምልክቱ ይኸው ነው፦ ቧንቧው ጠቧል። ብዙ ሰው ጥፋቱን በቦይለሩ ላይ አሳብቦ ያስፈታዋል። ግፊቱ የሚለካው ሁሉም ዕቃ እየነደደ እንጂ ተዘግቶ እያለ መሆን የለበትም፤ ጋዝ ካልፈሰሰ ጠባብ ቧንቧም እንደ ሰፊው ጥሩ ቁጥር ያሳያል።

ጋዝ እንደማያፈስ የሚረጋገጥበት ፍተሻ በባለሙያው ቃል ብቻ የሚታለፍ አይደለም። ውሃ ያለበት የዩ ቅርጽ የግፊት መለኪያ ይገጠማል። መጀመሪያ የሚፈተሸው የዋናው መዝጊያ ቫልቭ ራሱ ነው፦ ቫልቩ ተዘግቶ ግፊቱ በግማሽ ይቀነስና ቁጥሩ ከፍ እንዳይል ይታያል። ከፍ ካለ ቫልቩ ሾልኮ ያሳልፋል። ይህ ከተዘለለ በአንድ በኩል የሚያፈሰውን በሌላ በኩል የሚሾልከው እየተካ መለኪያው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የሚያፈስ ቤትም «ጤነኛ» ተብሎ ይፈረምለታል። ከዚያ ግፊቱ ሞልቶ፣ ሙቀቱ እስኪረጋ ተጠብቆ፣ ለሁለት ደቂቃ ይታያል። በአዲስ ቧንቧ ላይ ቁጥሩ ቅንጣት መውረድ የለበትም። ቧንቧው ላይ ፀሐይ ካረፈች ንባቡ ያታልላልና ሌላ ሰዓት ይመረጥ። የሚያፈሰው ቦታ የሚፈለገው በሳሙና ውሃ ነው፤ ክብሪት ፈጽሞ አይጫርም። ቧንቧው ውስጥ ያለው አየር ሲወጣ ደግሞ መስኮት ተከፍቶ፣ እሳት ጠፍቶ፣ መብራት ሳይነካ ይሁን፤ ጋዙ ከአየር ጋር ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲደባለቅ ይፈነዳል።

ከሲሊንደር ወደ መሥመር ለሚዛወር ቤት የምድጃው ኖዝል፣ ማለት ጋዙ የሚወጣበት ባለ ጠባብ ቀዳዳ ጫፍ፣ መቀየር ግዴታ ነው። አንድ ሜትር ኩብ የተፈጥሮ ጋዝ 38 ሜጋጁል ያህል ሙቀት ሲሰጥ ፕሮፔን 93 ያህል ይሰጣል፤ ስለዚህ ለመሥመሩ ጋዝ የሚሆነው ኖዝል ቀዳዳው ሰፋ ያለ ነው። ያው የድሮው ከቀረ እሳቱ ፈዛዛ ይሆናል። የተገላቢጦሹ ግን አደገኛ ነው፦ ሰፊውን ኖዝል በሲሊንደር ጋዝ ማንደድ ረዥም ቢጫ ነበልባል፣ ጥቀርሻና ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ያመጣል። ኖዝሉን በመሰርሰሪያ ማስፋት አይገባም፤ ከምድጃው ሞዴል ጋር የሚሄደው ይገዛ። ከኖዝሉ ጋር የዝቅተኛው እሳት መቆጣጠሪያ ብሎንም ላላ ማለት አለበት፤ አለዚያ እሳቱ ሲቀነስ ድርግም ይላል። የሲሊንደሩ ሬጉሌተርና ጎማም ተነሥተው ዕቃው ለመሥመሩ በተሠራ ማገናኛ ይታሰራል።

የሚረሳው የጋዝ ጠቋሚው ደወል ነው። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ደወሉ ወለሉ አጠገብ ይሰቀል ነበር። የመሥመሩ ጋዝ አብዛኛው ሚቴን ነው፤ ከአየር ይቀልላል፣ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ለሚቴን የተሠራ ደወል ከጣሪያው በ30 ሳንቲ ሜትር ክልል ውስጥ፣ ከበርና ከመስኮት ሁሉ ከፍ ብሎ ይሰቀላል።