የእጅ ሬዲዮ ወይስ የአጭር ሞገድ ጣቢያ? ለባሕር ዳር ጀማሪ አማተር

አማተር ማለት በትርፍ ጊዜው በሬዲዮ ከሌሎች ጋር የሚነጋገር ሰው ነው። ከሁለቱ መሣሪያዎች በየትኛውም ያለ ፈቃድ ማሰራጨት ስለማይቻል፣ ከግዢ በፊት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን መጠየቅ ይቀድማል።

ዋጋ፦ የእጅ ሬዲዮ ከነባትሪውና ከነአንቴናው ርካሽ ነው። የአጭር ሞገድ መሣሪያ በብዙ እጥፍ ይወደዳል፤ ሆኖም አብዛኛው በ12 ቮልት ባትሪ ስለሚሠራ መብራት ሲጠፋ አያስቸግርም።

ርቀት፦ ዋናው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። የእጅ ሬዲዮው ከ144 እስከ 146 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል የሚልከው ሞገድ በአብዛኛው በቀጥታ መስመር ስለሚጓዝ፣ ጋራ የማይጋርደው የጣና ገጽ ከባሕር ዳር ዳርቻ እስከ ዘጌ ለመነጋገር ያመቻል፤ በሰሜኑ ጫፍ ያለችውን ጎርጎራን ግን የምድር ክብነት ይሸፍናታል። የ14 ሜጋኸርዝ አጭር ሞገድ በበኩሉ ከላይኛው ከባቢ አየር ተመልሶ አውሮፓ ይደርሳል። የሚገርመው፣ ሮምን በግልጽ የሚሰማ ጣቢያ አዲስ አበባን ሊያጣት ይችላል፤ ሞገዱ በላይዋ ያልፋልና። ለእርሷ በቀን 7 ሜጋኸርዝ ይሻላል።

ቦታና አደጋ፦ ለ14 ሜጋኸርዝ 10 ሜትር፣ ለ7 ሜጋኸርዝ 20 ሜትር ገደማ የአንቴና ሽቦ መዘርጋት ያስፈልጋል፤ ለተከራይ ይህ ቀላል አይደለም። በክረምት መብረቅ ሲያሰጋ የአንቴናውን ገመድ ከመሣሪያው አስቀድሞ መንቀል ግድ ነው።

በአቅራቢያው ፈቃድ ያለው ጓደኛ ላለው ሰው የእጅ ሬዲዮ ይበቃል። ብቻውን የሚጀምርና ግቢ ያለው ግን፣ በእኔ ግምት፣ ገንዘብ አጠራቅሞ አጭር ሞገድን ቢመርጥ ይሻለዋል፤ በኢቲ (ET) የሚጀምር የኢትዮጵያ የጥሪ ምልክት፣ ማለትም የጣቢያው መለያ፣ በውጭ አማተሮች ዘንድ እጅግ ተፈላጊ ስለሆነ መላሽ አያጣም።