ቪኤችኤስ ካሴቶቼን ወደ ፋይል አስቀየርኳቸው፣ እነዛን የተረሱ ፓናል ሾዎችም መልሼ አየሁ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ለንደን ካሴት ወደ ፋይል የሚቀይር አንድ ሱቅ ሰባት ቪኤችኤስ፣ ማለትም የድሮ የቪዲዮ ካሴት፣ ይዤ ሄጄ ነበር፣ አሰራራቸውን ልንገራችሁ ብዬ ነው፣ ግን መጀመሪያ ካሴቶቹ ላይ ምን እንዳለ ካላወራሁ ለአንዱ 15 ፓውንድ ለምን እንደከፈልኩ አይገባችሁም።

በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጨረሻ እዚህ ስመጣ እንግሊዝኛ ጆሮዬ ውስጥ የገባው በፓናል ሾው ነው። ኮሜዲያንና እንግዶች በሁለት ቡድን ተቀምጠው ጥያቄ ይመልሳሉ፣ ነጥቡ ለስሙ ነው፣ ዋናው ጨዋታው ነው። የማታ ሺፍት ሲደርሰኝ እትዬ ትቀዳልኝ ነበር፣ ጋዜጣው ላይ ከፕሮግራሙ ጎን የቪዲዮ ፕላስ ቁጥር ይታተም ነበርና እሱን ሪሞቱ ላይ ትጫንና ማሽኑ በሰዓቱ ራሱ ይቀዳል። ካሴቱ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ "የወንድሜ ነው፣ እንዳይጠፋ" ብላ ጽፋለች፣ እስካሁን ይነበባል።

ከሁሉም የምወደው ዘይ ቲንክ ኢትስ ኦል ኦቨር ("ያለቀ መስሏቸዋል" እንደማለት) የሚባለው የስፖርት ፓናል ሾው ነው። ስሙ የመጣው በ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ እንግሊዝ ምዕራብ ጀርመንን 4 ለ 2 ስታሸንፍ ኮሜንታተሩ ኬኔት ዎልስተንሆልም ከተናገረው ነው። የእግር ኳሱ ጋሪ ሊነከርና የክሪኬቱ ዴቪድ ጋወር የቡድን መሪዎች፣ ኒክ ሃንኮክ አቅራቢ። አይናቸውን በጨርቅ ሸፍነው የመጣውን ስፖርተኛ በእጃቸው እየዳሰሱ ማን እንደሆነ የሚገምቱበት ነገር ነበረ፣ ቤት ውስጥ እንባችን እስኪመጣ ነበር የምንስቀው።

ኔቨር ማይንድ ዘ ባዝኮክስ ደግሞ የሙዚቃ ነው፣ በ1996 ጀመረ፣ ያኔ የሚያቀርበው ማርክ ላማር ነበር። ሁለቱ የዘፈን መግቢያ ጊታሩንም ከበሮውንም በአፋቸው እየሰሩ ሶስተኛው ዘፈኑን ይገምታል። ድሮ ዝነኛ የነበረ ዘፋኝም ከማይታወቁ ሰዎች ጋር ተሰልፎ ይቆምና የትኛው ነው ይባላል፣ እኔ እዚህ ጋ ሁሌም ሆዴ ይባባ ነበር፣ ሰውየው ዝም ብሎ ቆሞ እስኪያውቁት ይጠብቃላ።

ኮል ማይ ብላፍ ከሁለቱም የቆየ ነው፣ በ1965 ተጀምሮ በ1988 ቆመና በ1996 በቦብ ሆልነስ አቅራቢነት ተመለሰ። ማንም የማያውቀው ቃል ይመጣል፣ ሶስት ሰው ሶስት ትርጉም ይሰጣል፣ እውነቱ አንዱ ብቻ ነው። ቃሎቹን ደብተር ላይ እጽፋቸው ነበር።

እነዚህን ዛሬ ቲቪ ላይ ጠብቆ ማግኘት ከባድ ነው፣ ብዙው ቀልድ የዛን ሳምንት ወሬ ስለሆነ መሰለኝ። በ1960ዎቹና 70ዎቹማ የቪዲዮ ቴፕ ውድ ስለነበር ቢቢሲ ራሱ ብዙ ፕሮግራም እያጠፋ በላዩ ይቀዳበት ነበር፣ የጠፋው ጠፋ። ስለዚህ ቤታችሁ ያለውን አትጣሉ፣ እባካችሁ።

ወደ ሱቁ ስመለስ፣ ስራ ያውቃሉ። አንዱ ካሴት ነጭ ሻጋታ ይዞት ነበር፣ ፈተው አጸዱት። እትዬ ቦታ ለመቆጠብ በሎንግ ፕሌይ፣ ማለትም ቴፑ በዝግታ እየሄደ እጥፍ በሚይዝበት አቀዳድ፣ ነበር የምትቀዳው፣ ኢ 180 የሚባለው የ3 ሰዓት ካሴት በዛ 6 ሰዓት ይይዛል፣ ግን ሌላ ማሽን ላይ ምስሉ ስለሚዘል ሁለት ሶስት ማጫወቻ ቀይረው ሞክረውልኛል፣ ይሄን ሳላመሰግን አላልፍም። ያስከፋኝ መጀመሪያ የሰጡኝ ፋይል ለሰፊ ስክሪን ተለጥጦ ሁሉም ሰው ፊቱ ጠፍጣፋ ሆኖ መምጣቱ ነው፣ መልሼ ስወስደው ግን ያለ ክፍያ በድሮው ቲቪ ቅርጽ፣ በ4 በ 3፣ ደግመው ሰሩት። ሌላው ደግሞ ሳይጠይቁኝ ከፕሮግራሙ በፊት ያለውን ቆርጠውታል፣ የአስተዋዋቂዋ ድምጽ፣ የዜናው ጭራ፣ እኔ እሱንም እፈልገው ነበር። ስትሰጡ ምንም እንዳይቆረጥ፣ ቅርጹም እንዳይለጠጥ ብላችሁ ወረቀት ላይ አስጽፉ። ከአምስት አራት ኮከብ።

ሶስተኛው ካሴት ላይ ባዝኮክስ ሊያልቅ አስር ደቂቃ ሲቀረው ይቋረጣል፣ ከሱ በፊት የነበረው የስኑከር (የጠረጴዛ ኳስ) ውድድር ረዝሞ ሰዓቱን ስለገፋው ነው። እትዬ ጋ ደወልኩና ነገርኳት፣ "ያኔም ተቆጥተኸኝ ነበር እኮ፣ ስኑከሩ ረዘመ እንጂ እኔ ምን ላድርግ" አለችኝ። እሁድ መጥታ አብረን ልናየው ነው።