የኪስ ዳዊት (ግእዝና አማርኛ)፦ ልትገዙ ላሰባችሁ

እሺ ስለ ዳዊቷ የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁና አንዴ ጽፌው ልገላገል። የማወራው ስለዛች የኪስ መዝሙረ ዳዊት ነው፣ ግእዙ በግራ አማርኛው በቀኝ የሆነችው፣ ቆዳ መሳይ ጥቁር ሽፋንና ዚፕ ያላት፣ ቤተክርስቲያን በር ላይ ከጧፉና ከእጣኑ ጋር ተደርድራ የምትሸጠው። የማን እትም እንደሆነ አልጠራም ምክንያቱም የማነሳው ችግር የኪስ ሳይዝ የሆኑት ላይ በሙሉ ማለት ይቻላል ያለ ነው።

መጀመሪያ ጥሩ ጥሩውን። የቀን አከፋፈሉ አንደኛ ነው። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ አርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150፣ እሁድ ደግሞ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ፣ ሁሉም ቀን በቀይ ትልቅ ርእስ ተለይቶ ተቀምጧል። አስር አስሩ መዝሙር ደግሞ "ንጉሥ" ተብሎ ተከፍሏል፣ የቀኑን ሙሉ መድረስ ያልቻለ ሰው አንድ ንጉሥ ብቻ ጸልዮ ወደ ስራው ይሄዳል። ይሄ ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ይሄን ያህል የሰው እጅ የማይለየው ክፍል ያለ አይመስለኝም፣ ገበሬውም ነጋዴውም ተማሪውም ከሳምንቱ ጋር አብሮት የሚሄድ ስለሆነ ነው። ድሮ ቄስ ትምህርት ቤት ልጁ ፊደል ለይቶ ንባብ ሲገባ መጨረሻው ዳዊት ነበር፣ "ዳዊት ደገመ" ከተባለ ማንበብ ቻለ ማለት ነው፣ ቤተሰብ ይደግሳል። ማንበብ የተማሩበትን መጽሐፍ እድሜ ልክ የሚጸልዩበት ህዝብ ስንት አለ?

ከኋላ መዝሙር 151ም አለች። ዳዊት ከወንድሞቹ ታናሽ ሆኖ በግ ሲጠብቅ ተመርጦ ጎልያድን ስለመግደሉ የምትናገር አጭር መዝሙር ናት፣ 66 መጻሕፍት ባሉት መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለችም። ሙት ባሕር አጠገብ ቁምራን ዋሻ ውስጥ በ1956 እ.ኤ.አ. በተገኘው የመዝሙር ጥቅል ላይ በዕብራይስጥ ተጽፋ እስክትወጣ ድረስ ዋናው ቅጂዋ ግሪኩ ነው የሚሉ ብዙ ነበሩ። የኛዎቹ ግን ያን ሁሉ ዘመን ዝም ብለው ሲደግሟት ነበር። የእመቤታችን ምስጋናዎቹ ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃንም አሉበት፣ እንደ ብራናዎቹ፣ እሰየው ነው።

አሁን ወደ ችግሩ። ትልቁ ችግር ፎንቱ አይደለም፣ ፎንቱ ትንሽ ነው ግን የኪስ ነዋ ምን ይጠበቃል፣ ችግሩ መስመሩ ነው። የብራና ዳዊት ያየ ሰው ያውቀዋል፣ ሌላው መጽሐፍ ባብዛኛው በሁለት በሦስት ዓምድ ሲጻፍ ዳዊት ባንድ ዓምድ ነው፣ እያንዳንዱ ሐረግ የራሱ መስመር አለው፣ ካልበቃው ጸሐፊው ቃሉን ያጠጋጋዋል ወይ የተረፈውን ከመስመሩ ጫፍ በላይ ትንሽ አድርጎ ያንጠለጥለዋል እንጂ ዝም ብሎ አይቆርጠውም። ይቺ የኪስ እትም ግን ሁለት ቋንቋ አንድ ገጽ ላይ ስለጠቀጠቀች አንዱ ሐረግ ሦስት ቦታ ይቆራረጣል፣ አንዳንዴ አንድ ቃል ብቻውን ታች ወርዶ ይቀራል።

ምን አገባው ለምትሉ፣ አገባው እኮ። የዳዊት ግጥም ቤት የሚመታው በፊደል አይደለም በሐሳብ ነው። "ሰማያት የእግዚአብሔርን ክብር ይናገራሉ፣ የሰማይም ጠፈር የእጁን ሥራ ያወራል" ሲል ሁለተኛው መስመር የመጀመሪያውን በሌላ ቃል ይደግመዋል፣ ሌላ ቦታ ይቃረነዋል፣ ሌላ ቦታ አንድ እርምጃ ያስኬደዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ይሄ መጽሐፍ ይሄን ሁሉ ዘመን የቆየበት አንዱ ምስጢር እዚች ጋ ነው። ቅኔያችንን ወደ ሌላ ቋንቋ ገልብጡት ስትባሉ ሰሙም ወርቁም እጃችሁ ላይ ይቀራል፣ ዳዊት ግን ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክ፣ ከግሪክ በአክሱም ዘመን ወደ ግእዝ፣ ከዛ ደግሞ ወደ አማርኛ ሲሻገር ምቱ አብሮት ተሻገረ፣ ምክንያቱም የሐሳብ ምት ስለሆነ የትም ቋንቋ ይገባል። ሌላው ደግሞ "እኔ" እያለ ነው የሚናገረው። ንጉሥ የጻፈው ነው ግን "አምላኬ አምላኬ ለምን ተውኸኝ" ሲል ሆስፒታል ወንበር ላይ ተቀምጣ ውጤት የምትጠብቅ እናትም የራሷ አድርጋ ትለዋለች፣ ስም መቀየር አያስፈልጋትም። እና ይሄን ምት የሚያሳየው መስመሩ ነው፣ መስመሩን ከቆራረጥከው አንባቢው ዝም ብሎ ዜና እንደሚያነብ ያነበንበዋል።

የሚገርመው በግእዝ ፊደል መጀመሪያ የታተመው መጽሐፍ ራሱ ዳዊት ነው፣ ሮም ላይ በ1513 እ.ኤ.አ.፣ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ቄስ እዛ ከነበሩ የኛ መነኮሳት ግእዝ ተምሮ ነው ያሳተመው (ቋንቋውን ተሳስቶ "ከለዳዊ" ብሎ ጠራው፣ ይሁን)። ከዛ ወዲህ 500 ዓመት አልፏል፣ አሁን ኮምፒውተር ይዘን መስመር መጠበቅ ካቃተን ምን ይባላል።

ሁለተኛው ነገር ቁጥሩ። የኛ ዳዊት የሚቆጠረው በግሪኩ ትርጉም ነው፣ ስልካችሁ ላይ ያለው አፕ ግን ባብዛኛው የ66ቱን ቁጥር ነው የሚከተለው። ስለዚህ "እግዚአብሔር ይሬእየኒ" እዚህ 22 ነው፣ አፑ ላይ 23። ግሪኩ የዕብራይስጡን 9 እና 10 አንድ ላይ ስላደረጋቸው ከዛ በኋላ አብዛኛው ባንድ ይዛነፋል፣ መጨረሻ አካባቢ አንዷን ለሁለት ስለሚከፍላት እንደገና ተገናኝተው ሁለቱም 150 ላይ ያልቃሉ። ይቺን አንድ አንቀጽ መግቢያው ላይ መጻፍ ምን ያቅታል? "ኢትዮጵያ ታበጽሕ እደዊሃ" ያለው 67 ነው ስትሉት 68 ነው ብሎ የሚሟገታችሁ ሰው ሁሌ አይጠፋም፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ።

ንባቡን በተመለከተ ደግሞ መጽሐፉ ምንም አያግዝም፣ የግእዝ ቃል አነባበብ ዓይነቶቹን፣ ተነሹን ከወዳቂው፣ ተጣዩን ከሰያፉ የሚለይ ምልክት የለም። የኔታ እግር ስር ላልተማረ ሰው ይሄ ከባድ ነው። ቄስ ትምህርት ቤት ያለፈው አጎቴ ጋ ወስጄው ገለጥ ገለጥ አደረገና ቀጥታ 118ን ነው ያየው፣ አሌፍ ቤት ጋሜል የሚሉት የዕብራይስጥ ፊደል ስሞች በየቦታቸው መኖራቸውን አረጋገጠና "ደህና ነው፣ ግን ይሄን እያየህ አትማር፣ ሰምተህ ተማር" አለኝ። እኔ አሁን ስልኬ ላይ ድምፅ ከፍቼ እየተከተልኩ ነው የማነበው፣ ለጀማሪ ይሄ ይሻላል።

ባጠቃላይ ለታክሲ፣ ለመንገድ፣ ግእዙ ምን ማለት እንደሆነ ወዲያው ለማየት ከሆነ ግዟት፣ ዋጋዋም እንደ ወረቀቱ መወደድ ከሆነ የሚከፋ አይደለም። ቤት ቁጭ ብላችሁ ለመድገም ከሆነ ግን ግእዝ ብቻ የሆነውን ትልቁን፣ ባንድ ዓምድ የተጻፈውን ፈልጉ፣ ለእናት ለአባት ስጦታም እሱ ነው የሚሆነው፣ ለነሱ ይሄን ፎንት ሰጥቶ ማስቸገር ነውር ነው። ስትገዙ ደግሞ እዛው ቆማችሁ አርብና ቅዳሜን ገልጣችሁ እዩ፣ ጥረዛው የሚላቀቀው እዛ አካባቢ ነው፣ ገጽ ተደጋግሞ ወይ ተገልብጦ የገባበትም አጋጥሞኛል፣ ሻጮቹ ወዲያው ካሳያችኋቸው ይቀይሩላችኋል። ዚፑ ላይ ግን ብዙ ተስፋ አታርጉ።